በትንሽ የገጠር ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እንዴት እናወዳድር? ከከተማ ርቀው ቤት ለሚፈልጉ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

የዲሲ አካባቢ የቤት ዋጋ የእኛን ሰው ወደ ውጭ እየገፋው ነው። ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጥቶ ማናሳስ ወይም ፍሬድሪክ የገባ ብዙ ነው። አሁን ደግሞ አይ-66ን ይዞ፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ድረስ ቤት የሚያይ አለ። በተለይ ትራክ የሚነዳ ሰው ሥራው መንገድ ላይ ስለሆነ ሰፊ ግቢና ቀለል ያለ ሞርጌጅ ይመርጣል። ቤቱ ከተወደደ በኋላ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። የልጆቹ ትምህርት ቤትስ?

አብዛኛው ሰው ዚሎው ላይ ከቤቱ ፎቶ በታች ያለውን ከ1 እስከ 10 የተሰጠ ነጥብ አይቶ ይወስናል። ነጥቡን የሚሰጠው ግሬትስኩልስ የሚባል ድርጅት ነው። ብዙ ተማሪ ላለው የከተማ ትምህርት ቤት ነጥቡ መነሻ ሊሆን ይችላል። ለትንሽ የገጠር ካውንቲ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ለምን እንደሚያሳስት ከታች አስረዳለሁ። ደስ የሚለው ነገር፣ በትንሽ ካውንቲ ከነጥብ የተሻለ መረጃ ማግኘት ይቻላል። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ዋናውን የትምህርት ኃላፊ አግኝቶ ማነጋገር የማይታሰብ ነው። ገጠር ውስጥ ግን ስልክ ስትደውሉ ርእሰ መምህሩ ራሱ ሊያነሳ ይችላል። ይህን ዕድል መጠቀም አለባችሁ።

ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከቨርጂኒያ ናቸው። ሌላ ስቴት የሚለይበትን ቦታ በየመንገዱ እጠቁማለሁ።

ደረጃ 1፦ አድራሻው የየትኛው ዲስትሪክት እንደሆነ አረጋግጡ

ቨርጂኒያ 95 ካውንቲዎችና 38 ራሳቸውን የቻሉ፣ ከካውንቲ ውጭ የሚተዳደሩ ከተሞች አሏት። በአብዛኛው እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱ የትምህርት አስተዳደር (ዲስትሪክት) አለው። ራሷን የቻለች ከተማም የራሷ አላት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፖስታ ቤት "ዊንቸስተር" ብሎ የሚያውቀው ቤት በእውነቱ በቨርጂኒያው ፍሬድሪክ ካውንቲ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ ልጁ የሚሄደው የዊንቸስተር ከተማ ትምህርት ቤት ሳይሆን የካውንቲው ነው። ሃሪሰንበርግና ሮኪንግሃም ካውንቲም እንዲሁ ናቸው። በተቃራኒው ፍሮንት ሮያል ራሷን የቻለች ከተማ ስላልሆነች ልጆቿ የሚማሩት በዋረን ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ነው።

ዌስት ቨርጂኒያ 55 ካውንቲዎችና 55 ዲስትሪክቶች አሏት፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ሜሪላንድም በካውንቲ ነው የምትሠራው። በሥጋ ፋብሪካ ሥራ ምክንያት ወደ ነብራስካ፣ አዮዋ ወይም ሚኒሶታ የምትሄዱ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ አንድ ካውንቲ ውስጥ ብዙ ዲስትሪክት ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ዲስትሪክትም የካውንቲ ድንበር ሊሻገር ይችላል። እነዚህ ስቴቶች ልጅን ወደ ጎረቤት ዲስትሪክት ለማስመዝገብ ስለሚፈቅዱ ምርጫችሁ ሰፋ ይላል። በዚያው ልክ የማመላለሱ ሥራ የእናንተ ሊሆን እንደሚችል አስቡበት።

ቀጥሎ በካውንቲው ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት እንዳለ ቁጠሩ። ሸናንዶዋ ካውንቲ ከ44,000 በላይ ሕዝብ አለው። ትምህርት ቤቶቹ በሦስት ቦታ ተከፍለዋል፤ በስትራስበርግ፣ በዉድስቶክና በኩዊክስበርግ። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ኤለመንተሪ፣ ሚድል ስኩልና ሃይስኩል አለው። እዚህ ካውንቲው ውስጥ ማወዳደር ትርጉም አለው። ራፓሃኖክ ካውንቲ ግን አንድ ኤለመንተሪና አንድ ሃይስኩል ብቻ ነው ያለው። በ2020 ቆጠራ 2,232 ሰው ብቻ የተቆጠረበት ሃይላንድ ካውንቲም እንደዚያው። በእንዲህ ያለ ቦታ የምታወዳድሩት ካውንቲውን ከጎረቤት ካውንቲ ጋር ነው።

የቤት ኤጀንታችሁ ስለ ትምህርት ቤት ጥራት በግልጽ ካልነገራችሁ አትቀየሙት። ኤጀንቶች በቤት ሽያጭና ኪራይ መድልዎን በሚከለክለው በፌር ሃውሲንግ ሕግ ምክንያት ከዚህ ወሬ ይቆጠባሉ። ትክክለኛውን አድራሻ ይዛችሁ በቀጥታ ለካውንቲው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ደውሉ። "እዚህ አድራሻ የሚኖር የሦስተኛ ክፍል ልጅ የት ይማራል?" በሉ። በዚያው ስልክ ባሱ ስንት ሰዓት እንደሚያነሳውም ጠይቁ፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 2፦ ከቁጥር በፊት ልጁን ጻፉ

አንድ ወረቀት ያዙ። የእያንዳንዱን ልጅ ስም፣ ክፍልና የሚያስፈልገውን ጻፉ። እንግሊዝኛ ገና እየተማረ ነው? አይኢፒ (ለልዩ ፍላጎት ልጅ በጽሑፍ የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ) አለው? ሒሳብ ቀድሞ የሚጨርስ ነው? እጁ ሥራ የሚወድ ነው? የአሥረኛ ክፍል ልጅና የአምስት ዓመት ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። ለትንሿ አንደኛው ካውንቲ፣ ለትልቁ ሁለተኛው ይሻል ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያለ ዓላማ ቁጥር ከመልቀም ያድናል።

ልጃችሁ በመስከረም ወይም በጥቅምት አካባቢ የተወለደ ከሆነ የኪንደርጋርተን ዕድሜንም እዩ። ቨርጂኒያ ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት እንዲሞላው ትጠይቃለች፤ ሜሪላንድ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 1። ድንበር መሻገር አንድ ሙሉ ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ከምንጩ አውጡ

በ2015 የወጣው ኤቭሪ ስቱደንት ሰክሲድስ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ስቴት ለእያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት የውጤት መግለጫ በይፋ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ልጆች ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ፣ ሃይስኩል ውስጥ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ በንባብና በሒሳብ ይፈተናሉ። የቨርጂኒያው ፈተና ኤስኦኤል ይባላል። ውጤቱን የሚያወጣው የስቴቱ ገጽ ደግሞ ስኩል ኳሊቲ ፕሮፋይልስ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አስገቡና የሦስት ዓመት ውጤት አውጡ። የአንድ ዓመት ብቻ እንዳትወስዱ።

ለምን ሦስት ዓመት? አንድ የገጠር ኤለመንተሪ ሦስተኛ ክፍሉ ውስጥ 24 ልጆች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ልጅ ከመቶ 4 ነጥብ ያህል ይይዛል ማለት ነው። ሦስት ልጆች በፈተናው ሳምንት ቢታመሙ ወይም አንድ ቤተሰብ ጎበዝ መንታዎቹን ይዞ ቢለቅ፣ የትምህርት ቤቱ ውጤት በአሥር ነጥብ ሊዘል ይችላል። መምህሯ ያው ናት። መጽሐፉም ያው ነው። የተለወጠው ጥቂት ልጅ ብቻ ነው። በስቴት ዝርዝር ላይ ከላይኞቹም ከታችኞቹም መካከል ትንንሽ ትምህርት ቤቶች የሚበዙት በዚህ ምክንያት ነው። 600 ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት እንዲህ በቀላሉ አይዋዥቅም።

ስለዚህ የሦስቱን ዓመት አማካይ አውጡ። ከተቻለም የ3ኛ፣ የ4ኛና የ5ኛ ክፍልን አንድ ላይ አድርጉ። ሁለት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች በአምስት ወይም በስድስት ነጥብ ቢለያዩ እኩል ናቸው ብላችሁ እለፉ። ልዩነቱ ከአሥራ አምስት በላይ ሆኖ ሦስቱንም ዓመት ከቀጠለ ግን አንድ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ስትጎበኙ ትጠይቃላችሁ።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። አንድ ቡድን ውስጥ ያሉት ተማሪዎች በጣም ጥቂት ሲሆኑ ስቴቱ የልጆቹን ማንነት ለመጠበቅ ውጤቱን ይደብቃል። ቨርጂኒያ ከ10 በታች ሲሆኑ ነው የምትደብቀው። በገጠር ካውንቲ የጥቁር ተማሪዎች ወይም እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ሳጥን ባዶ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ባዶ ሳጥን ማለት ጥቂት ልጆች አሉ ማለት እንጂ ችግር የለም ማለት አይደለም።

የአንዱን ስቴት የማለፊያ መቶኛ ከሌላው ስቴት ጋር ግን በፍጹም አታወዳድሩ። ፈተናው የተለያየ ነው፤ "አለፈ" የሚባልበት መስመርም የተለያየ ነው። የፌዴራሉ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል የስቴቶችን መስመር ከብሔራዊው ፈተና ጋር ሲያስተያይ፣ የቨርጂኒያው የንባብ ማለፊያ ከአገሪቱ ዝቅተኛዎቹ መካከል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ 75 ከመቶ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ከድንበሩ ማዶ 50 ከመቶ ካሳለፈው ይበልጣል ማለት አይቻልም።

ደረጃ 4፦ ልጆቹ ምን ያህል እንዳደጉ እዩ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የፈተና አማካይ በአብዛኛው የሚናገረው ልጆቹ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ምን ዓይነት ዕድል እንደነበራቸው ነው። የወላጅ ገቢ፣ ቤት ውስጥ ያለው መጽሐፍ፣ ፕሪስኩል መግባት አለመግባት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ዶሮ ፋብሪካ የሚሠሩ ወላጆች ልጆች የሚበዙበት ትምህርት ቤት አማካዩ ዝቅ ይላል። ያ መምህራኑ ሰነፎች ናቸው ማለት አይደለም።

የትምህርት ቤቱን ሥራ የሚያሳየው አንድ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል ወደፊት እንደሄደ ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህን የሚለካ ኢጁኬሽናል ኦፖርቹኒቲ ፕሮጀክት የሚባል በነጻ የሚታይ ካርታ አለው። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን የመላ አገሪቱን የፈተና ውጤት ወደ አንድ መለኪያ አምጥቶ፣ ለካውንቲ፣ ለዲስትሪክትና ለትምህርት ቤት ያወጣል። የተለያዩ ስቴቶችን ለማወዳደር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሁለት ነገር ለየብቻ ያሳያችኋል። አንደኛው አማካይ ውጤት ነው። ሁለተኛው የመማር ፍጥነት ነው። የጥናቱ ትልቅ ግኝት ሁለቱ ብዙም አለመገናኘታቸው ነው። ሀብታም ሰፈር ሆኖ ልጆቹ ቀስ ብለው የሚማሩበት አለ። ድሃ ካውንቲ ሆኖ ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ የሚሆን ትምህርት የሚማሩበትም አለ።

የገጠር ካውንቲ ሲሆን የመማር ፍጥነቱን ከሌላው ሁሉ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። አማካዩ መካከለኛ ሆኖ ፍጥነቱ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት፣ ለእኔ አማካዩ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ዝቅ ካለው ይበልጣል። ልጃችሁ የሚያገኘው የጎረቤቱን ልጅ ውጤት አይደለም፤ የመምህሩን ሥራ ነው። ካርታው በጣም ትንሽ ለሆኑ ቦታዎች የስህተት መጠኑን ሰፋ አድርጎ ስለሚያሳይ እሱንም አብራችሁ አንብቡ።

ደረጃ 5፦ ከፈተና ውጭ ያሉ ቁጥሮች

በብዛት የሚቀሩ ልጆች። ከትምህርት ቀናት 10 ከመቶና ከዚያ በላይ የቀረ ልጅ በዚህ ይቆጠራል። ዓመቱ 180 ቀን ከሆነ 18 ቀን ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከፍ ያለበት ትምህርት ቤት መምህሩ ያለፈውን እየደጋገመ ነው የሚውለው። በሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል።

መምህራን። ገጠር ውስጥ ትልቁ ችግር ይህ ነው። ቦታ ክፍት ሆኖ ሲቀር ጊዜያዊ ፈቃድ ያለው ሰው ወይም ተተኪ መምህር ዓመቱን ሙሉ ሊያስተምር ይችላል። የሒሳብ፣ የሳይንስና የልዩ ፍላጎት መምህር ማግኘት በተለይ ይከብዳል። ታይትል 1 የሚባለውን የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ወላጅ የልጁን መምህር የሙያ ብቃት የመጠየቅ መብት አለው። የሚገባው ፈቃድ የሌለው መምህር አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ካስተማረም ትምህርት ቤቱ ለወላጅ ማሳወቅ አለበት። በሌላ በኩል፣ አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ እዚያው ተወልዳ ሃያ ዓመት ያስተማረች መምህርት ማግኘት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ መረጋጋት የትኛውም የነጥብ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

የነጻ ምሳ መቶኛን የድህነት መለኪያ አድርጋችሁ አትውሰዱት። በ2010 በወጣ ሕግ የተጀመረ አንድ ፕሮግራም ችግረኛ ልጅ የሚበዛበት ትምህርት ቤት ሁሉንም ልጅ በነጻ እንዲመግብ ይፈቅዳል። በ2023 መስፈርቱ ከ40 ወደ 25 ከመቶ ዝቅ ስላለ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ገብተውበታል። ስለዚህ "100 ከመቶ ነጻ ምሳ" ማለት ሁሉም ድሃ ነው ማለት አይደለም። ለእናንተ ግን የምሳ ወጪ የለም ማለት ነው። ልጆቻችሁ የሚጾሙ ወይም ሐላል ብቻ የሚበሉ ከሆነ ካፊቴሪያው ምን እንደሚያቀርብ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የአንድ ተማሪ ወጪ ከፍ ማለቱም አያታላችሁ። ትንሽ ካውንቲ ለጥቂት ልጆች ባስ፣ ማሞቂያና ርእሰ መምህር መክፈል ስላለበት በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ወጪው ይበዛል። ገንዘቡ ወደ ክፍል የገባ ሳይሆን ረጅም መንገድ ላይ ያለቀ ሊሆን ይችላል።

የሃይስኩል ምረቃ መቶኛ በአብዛኛው ቦታ ከፍተኛ ስለሆነ ብዙም አይለያቸውም። ዝቅ ብሎ ካያችሁት ብቻ ቆም በሉ።

ደረጃ 6፦ ሃይስኩሉ የሚያስተምረውን ዝርዝር አንብቡ

የአንድ ትንሽ ሃይስኩል ትልቁ ድክመት የትምህርት ዓይነት ማነስ ነው። በአንድ የክፍል ደረጃ 60 ልጅ ያለው ትምህርት ቤት ካልኩለስ የሚወስዱ አምስት ልጆች ላያገኝ ይችላል። ፊዚክስ በየሁለት ዓመቱ የሚሰጥበት ቦታ አለ። የኮርስ መጽሐፉ ላይ ስሙ ቢኖርም በዚህ ዓመት ክፍሉ ተከፍቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ጥያቄያችሁ "ዘንድሮ የትኞቹ ክፍሎች ተከፈቱ፣ ስንት ተማሪስ አለባቸው?" የሚል ይሁን። ካውንስለሩ ሊመልስላችሁ ይችላል።

ከዚያ የጎደለውን በምን እንደሚሞሉት ጠይቁ። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ዱዋል ኢንሮልመንት ነው። ልጁ ሃይስኩል እያለ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ይወስዳል። ሰሜናዊው ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ኮሌጁ ሎሬል ሪጅ ነው፤ እስከ 2022 ሎርድ ፌርፋክስ ይባል ነበር። ብዙ ወላጅ ኤፒ (ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) ሲያጣ ይደነግጣል። ለገጠር ልጅ ግን ዱዋል ኢንሮልመንት ከኤፒ የማይተናነስ ዋጋ አለው። ኤፒ ላይ በአንድ ቀን ፈተና ውጤት ካልመጣ የኮሌጅ ክሬዲት የለም። እዚህ ግን ኮርሱን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ልጅ ክሬዲቱን ይዞ ይወጣል። ክሬዲቱ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበለው ትራንስፈር ቨርጂኒያ የተባለው ገጽ ላይ እዩ። ክፍያው በማን እንደሆነም ጠይቁ፤ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል።

ሁለተኛው ገቨርነርስ ስኩል ነው። ቨርጂኒያ ጎበዝ ተማሪዎችን ከብዙ ካውንቲ ሰብስባ የምታስተምርባቸው ትምህርት ቤቶች አሏት። ማውንቴን ቪስታ የሚባለው ራፓሃኖክን፣ ዋረንን፣ ክላርክን፣ ኩልፔፐርንና ጎረቤቶቻቸውን ያገለግላል። ማሳነተን የሚባለው ደግሞ ሸናንዶዋን፣ ፔጅንና ሮኪንግሃምን ይጨምራል። ካውንቲው በየዓመቱ ስንት ቦታ እንደሚያገኝና ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ ጠይቁ። በትንሽ ካውንቲ ውድድሩ ፌርፋክስ ካለው ጋር አይነጻጸርም። ይህ ለእኛ ልጆች የተከፈተ ትልቅ በር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ስለማያውቀው ያልፈዋል።

ሦስተኛው የሙያ ሥልጠና ነው። ብየዳ፣ የነርስ ረዳትነት፣ ኤሌክትሪክ፣ የመኪና ጥገና፣ እርሻ። የእኛ ማኅበረሰብ ሐኪምና ኢንጂነር ብቻ ስለሚያይ ይህን ክፍል ዘሎ ያልፋል። ባይዘለል ጥሩ ነው። የነርስ ረዳት ሰርተፍኬት ይዞ ሃይስኩል የጨረሰ ልጅ ኮሌጅ እየተማረ የሚሠራው የተሻለ ሥራ አለው።

ደረጃ 7፦ መንገዱን ራሳችሁ ንዱ

ጠዋት ባሱ በሚሄድበት ሰዓት ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በመኪና ሂዱ። ከዚያ በላዩ ጨምሩበት፤ ባሱ በየቤቱ እየቆመ ነው የሚሄደው። ገጠር ውስጥ አንድ ሰዓት ባስ ላይ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ብዙ ቦታ የኤለመንተሪና የሃይስኩል ልጆች በአንድ ባስ ይሄዳሉ። የስድስት ዓመት ልጅ ከአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ጋር መቀመጡ የሚያሳስባችሁ ከሆነ፣ ትንንሾቹ ከፊት የሚቀመጡበት ደንብ እንዳለ ጠይቁ።

ከትምህርት በኋላ ለሚቆይ ልጅ የማታ ባስ አለ? ከሌለ፣ አባት መንገድ ላይ፣ እናት ሥራ ላይ ሆነው፣ እግር ኳስ ወይም ማጠናከሪያ ትምህርት የሚባለው ነገር ለልጃችሁ የለም ማለት ነው። ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ ካውንቲ እንዲቀይር ሊያደርግ ይችላል።

በረዶ ሲጥል የተራራ መንገዶች ስለሚዘጉ ብዙ ቀን ሊዘጋ እንደሚችል አስቡ። ወደ ምዕራብ ለምትሄዱ ደግሞ፣ ሚዙሪ፣ ኮሎራዶና ኦክላሆማን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች ያሉ የገጠር ዲስትሪክቶች በሳምንት አራት ቀን ብቻ ያስተምራሉ። ዓርብ ወይም ሰኞ ልጅ ማን ይይዛል? የሕፃን ጠባቂ ወጪው የቤቱን ቅናሽ ሊበላው ይችላል።

ደረጃ 8፦ እንግሊዝኛ፣ ልዩ ፍላጎትና ቀለም

ምዝገባ ላይ ቤት ውስጥ የምትናገሩትን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣችኋል። "አማርኛ" ብላችሁ ስትጽፉ ልጁ የእንግሊዝኛ ምዘና ሊሰጠው ይችላል። አትፍሩት። እንግሊዝኛ ገና የሚማር ልጅ እገዛ ማግኘቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1974 ላው እና ኒኮልስ ውሳኔ መሠረት የሆነለት መብት ነው። ችግሩ ገጠር ውስጥ አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት ሦስት ትምህርት ቤት እየዞረች ልታስተምር መቻሏ ነው። "ልጄ በሳምንት ስንት ሰዓት ከእሷ ጋር ይሆናል?" በሉ። መልሱ በሰዓት ይሁን። ወላጅ እንግሊዝኛው ደከም ያለ ከሆነም ትምህርት ቤቱ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። በስልክ የሚሠሩ የአማርኛ አስተርጓሚዎች አሉ። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም።

አይኢፒ ያለው ልጅ ካላችሁ ይህን ደረጃ ከሁሉም በፊት አድርጉት። የንግግር ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ በካውንቲው ውስጥ አለ ወይስ በሳምንት አንዴ ከሌላ ቦታ ይመጣል? በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው? የአሁኑን አይኢፒ ይዛችሁ የልዩ ፍላጎት ኃላፊውን አነጋግሩ፤ እያንዳንዱን አገልግሎት ማን እንደሚሰጥ በስም ይንገሯችሁ።

ስለ ቀለም በግልጽ እንነጋገር። በስታቲስቲክስ ላይ ልጆቻችን የሚቆጠሩት "ጥቁር" ተብለው ነው። አንዳንድ ገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ልጃችሁ በክፍሉ ብቸኛው ጥቁር ልጅ ሊሆን ይችላል። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ሲቪል ራይትስ ዳታ ኮሌክሽን የሚባል መረጃ ይሰበስባል። እዚያ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ማን እንደታገደ፣ ማን የላቀ ኮርስ እንደሚወስድ በዘር ተለይቶ ይታያል። ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው ያላቸውን ድርሻ ከታገዱት መካከል ካላቸው ድርሻ ጋር አስተያዩት።

ደረጃ 9፦ የስኩል ቦርዱን ስብሰባ አንብቡ

ካውንቲው ልጆችን እንዴት እንደሚያይ ከየትኛውም ቁጥር በላይ የሚያሳየው ቃለ ጉባኤው ነው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ብዙ ቦታ ቪዲዮውም ይለጠፋል። የቅርብ አንድ ዓመቱን አገላብጡ። ስለ መምህራን ደመወዝ ምን ተባለ? ጣሪያው ስለሚያፈሰው ትምህርት ቤትስ? ተማሪ እየቀነሰ ስለሆነ ኤለመንተሪ ይዘጋ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል? የገጠር ትምህርት ቤት መዘጋት እውነተኛ አደጋ ነው። ለትምህርት ቤቱ ቅርበት ብላችሁ የገዛችሁት ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ሩቅ ሊሆን ይችላል።

የሸናንዶዋ ካውንቲ ቦርድ በ2020 የኮንፌዴሬሽን ጄኔራሎችን (በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ይደግፍ ለነበረው ደቡብ የተዋጉትን) ስም ከሁለት ትምህርት ቤቶች ላይ አንሥቶ ነበር። በሜይ 2024 አዲሱ ቦርድ 5 ለ 1 በሆነ ድምፅ ስሞቹን መለሰ። ለአንዳንዱ ቤተሰብ ይህ ጉዳዩን ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ በዚያው ካውንቲ ውስጥ ስሙ ያልተነካውን ካምፓስ መርጦ፣ ጥሩ መምህራን አግኝቶ ይኖራል። ውሳኔው የእናንተ ነው። ከገባችሁ በኋላ መስማት ግን ተገቢ አይደለም።

በጀቱንም እዩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ስኩል ቦርድ ግብር መጣል አይችልም፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው የካውንቲው የበላይ ቦርድ (ቦርድ ኦፍ ሱፐርቫይዘርስ) ነው። ስቴቱ የሚያዋጣው ድርሻ ደግሞ የካውንቲው ሀብት እየታየ ነው የሚሰላው። ራፓሃኖክን የመሰለ መሬቱ ውድ የሆነ ካውንቲ ነዋሪው ሀብታም ባይሆንም እንኳ "ሀብታም" ተብሎ ከስቴቱ ትንሽ ያገኛል። ያኔ ሁሉም ነገር የካውንቲው ሰው ለመክፈል ባለው ፈቃደኝነት ላይ ይወድቃል። የበላይ ቦርዱ ላለፉት ሦስት ዓመታት የትምህርት ቤቱን ጥያቄ ተቀብሎ እንደሆነ ወይም ቆርጦ እንደሆነ አጣሩ።

ደረጃ 10፦ ሂዱ፣ ግቡ፣ ጠይቁ

አገር ቤት ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው "ወላጅ አምጣ" ሲባል ነበር። ሳይጠሩ መሄድ ለብዙዎቻችን ይከብዳል። እዚህ ግን ይጠበቃል፤ ቀድሞ የመጣ ወላጅ ይከበራል። ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ ትምህርት ባለበት ቀን ይሁን። ልጁንም ውሰዱት።

ስትገቡ ጽሕፈት ቤቱ እንዴት ይቀበላችኋል? ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዘንድሮ የልጆች ሥራ ነው ወይስ የደበዘዘ? ክፍል ውስጥ ልጆቹ ይናገራሉ ወይስ መምህሩ ብቻ ነው የሚናገረው? ለርእሰ መምህሩ የሚከተሉትን ብትጠይቁ ይበቃል፦

- እዚህ ከመጡ ስንት ዓመት ሆነዎት? ከእርስዎ በፊት በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ርእሰ መምህር ተቀየረ?
- አሁን ቋሚ መምህር የሌለው ክፍል አለ?
- በንባብ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ሲኖር ምን ታደርጋላችሁ? ማን፣ በሳምንት ስንት ቀን?
- ባለፈው ዓመት ከተመረቁት ልጆች ምን ያህሉ ወዴት ሄዱ?
- የዚህ ዓመት የሒሳብ ውጤት ለምን ወረደ (ወይም ወጣ)?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ጥሩ ርእሰ መምህር የልጆቹን ብዛት፣ የመምህሩን መቀየር፣ ያደረገውን ለውጥ ዘርዝሮ ይነግራችኋል። ቁጥሩን የማያውቅ ወይም በልጆቹ ወላጆች የሚያሳብብ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ከዚያ ወጥታችሁ ቤተ መጻሕፍት ወይም ነዳጅ ማደያ ሂዱ። ልጅ የያዘ ሰው ጠይቁ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው ስለ ትምህርት ቤቱ በደንብ ያውቃል፤ ደግሞም ይናገራል። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች የአንድ መምህር ስም ካነሡላችሁ፣ በበጎም ይሁን በክፉ፣ ማስታወሻ ላይ አስፍሩት።

ደረጃ 11፦ ወስኑ፣ አስመዝግቡ

በደረጃ 2 የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ፤ ያለ እነሱ የማይሆንለትን። ለአንዱ የእንግሊዝኛ መምህርት ሰዓት፣ ለሌላው ዱዋል ኢንሮልመንትና የማታ ባስ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ አንዱ የሚጎድልበትን ትምህርት ቤት ነጥቡ 9 ቢሆንም አስወጡት። የቀሩት እኩል ከሆኑ የመማር ፍጥነቱ ከፍ ያለውንና መምህሩ የማይለቀውን ውሰዱ። አሁንም ጥርጣሬ ካለ እና አቅም ካላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ዞን ውስጥ አንድ ዓመት ተከራዩ።

ለምዝገባ የመኖሪያ ማረጋገጫ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ያዙ። ቨርጂኒያ ውስጥ ኪንደርጋርተን ወይም ኤለመንተሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ልጅ በ12 ወራት ውስጥ የተደረገ የጤና ምርመራም ይጠየቃል። የሐኪም ቀጠሮ በበጋ ወራት ስለሚጨናነቅ በግንቦት ያዙት። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር የለውም ተብሎ የሚከለከል ልጅ የለም። የወላጅ የኢሚግሬሽን ሁኔታም ምክንያት አይሆንም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 በፕላይለር እና ዶ መዝገብ ወስኖታል። ጸሐፊዋ ይህን ካላወቀች በትሕትና የካውንቲውን የትምህርት ጽሕፈት ቤት እንድትጠይቅ ንገሯት።